ድሬ ላይ የመብት ማህበር ቅርንጫፍ ልንከፍት እያሰብን ነው፣ ከጥበቃና ከፅዳት ሰራተኛው ብንጀምርስ?

የከዚራ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሀረርም ያላችሁ። ረዘም ይላል ታገሱኝ።

እኔና የተወሰኑ ጓደኞቼ ዋና ቢሮው አዲስ አበባ ያለ አንድ የመብት ማህበር (ስሙን አሁን አልፅፍም፣ ገና እሺ ስላላሉን) ድሬ ላይ ቅርንጫፍ እንዲከፍት እያነጋገርን ነው። ማህበሩ እስካሁን ሚሰራው እስር፣ ድብደባ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ መከታተል ምናምን ላይ ነው፣ ጥሩ ስራ ነው አልቃወምም። እኛ ግን የድሬው ከሌላ ጫፍ ይጀምር እያልን ነው፣ ከደሞዝ ከጡረታ ከብድር ከቅጥር። ሰው መብት ሲባል ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ነው ሚታየው፣ ወር በገባ ቁጥር ከኪሱ ሚወሰደው ግን መብት መሆኑን ማንም አልነገረውም።

ከተማችንን ታውቋታላችሁ። ነፃ የንግድ ቀጠናው ነሐሴ 2014 ላይ ተመረቀ፣ በሀገሪቱ የመጀመሪያው ነው ተባለ፣ ደስ አለን። ሲሚንቶ አለ፣ ባቡሩ አለ፣ ጅቡቲ አፍንጫችን ስር ነች። ብር በድሬ በኩል እያለፈ ነው፣ ማንም ሊክድ አይችልም። ግን የባንኩን በር ሌሊቱን ሙሉ ሚጠብቀው ሰውዬ እዛው ባንክ ገብቶ ብድር ልውሰድ ቢል ሚያናግረው የለም። እኔ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ በስራዬ የኤጀንሲ ውሎች አያለሁ፣ ድርጅቱ ለአንድ ጥበቃ ብሎ ለኤጀንሲው ሚከፍለውና ጥበቃው እጅ ሚደርሰው ብር አይገናኝም። ኮሚሽን መውሰዱ አይደለም የከነከነኝ፣ ሰውዬው ስንት እንደተቆረጠበትና ለምን እንደተቆረጠበት አለማወቁ ነው። የደሞዝ ወረቀት ስላቸው አብዛኞቹ "ምንድነው እሱ" ነው ሚሉኝ።

ስለዚ ጥያቄዬ፣ እንደዚ አይነት ቅርንጫፍ ድሬ ላይ ያስፈልጋል ወይ፣ ካስፈለገ ከየት ይጀመር፣ ማንስ ይመጣል? ስድብ አትፃፉ ብቻ።

---

ዋርያ_መጋላ | ማክሰኞ ማታ 2፡31

አቦ የምርቃና እቅድ እንዳይሆን ብቻ ሃሃሃ። ድሬ ላይ ስንት ማህበር ነው በርጫ ላይ ተመስርቶ፣ ሊቀመንበር ተመርጦ፣ ማህተም ሁሉ ታስቦ፣ ማታ እራት ሳይደርስ የፈረሰው። ከምርህ ከሆነ ግን እኔ አለሁ ወላሂ። ባጃጅ ላይ ነኝ፣ ወረቀት ማዳረስ ካለ እኔ ጋር ጣሉት።

---

ተጠራጣሪው | ማክሰኞ ማታ 2፡50

ሀሳቡ ጥሩ ነው ግን አንድ ነገር ዘለህ ነው የሄድከው። ድሬ ላይ ስለ ስራና ቅጥር አወራለሁ ካልክ 40-40-20ን (የከተማውን ስልጣንና ስራ ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌላው 20 በመቶ ሚለውን ክፍፍል) ሳትነካ ልታወራ አትችልም። ስንት አመት ሙሉ ይሄ ክፍፍል ሲያነጋግረን የኖረ ነው። የፈለከውን ያህል ስለ ጥበቃ ደሞዝ ብታወራ መጀመሪያ ሚጠይቁህ "የማን ልጅ ነህ" ነው። ነገ ኮሚቴ ብታቋቁም የሰዎቹን ስም ያነቡና በስማቸው ብቻ ማህበሩ የማን እንደሆነ ይወስናሉ፣ አለቀ። ከዛ በኋላ ደሞዝ ብትል ጡረታ ብትል ማንም አይሰማህም። ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም፣ መጀመሪያ ይሄን መልስ ነው ምልህ።

---

አወያይ | ማክሰኞ ማታ 2፡58

ስለ ክፍፍሉ ማውራት ይቻላል። የየትኛውንም ብሄር ስም እየጠሩ መሰዳደብ ግን አይቻልም፣ ወዲያው ነው ማጠፋው። ሁለት ኮሜንት አጥፍቻለሁ ቀድሜ።

---

ጠበቃ_ነኝ_አትበሉኝ | ማክሰኞ ማታ 3፡20

የህጉን ጎን ልበል፣ ሰው ብዙ ስለሚደናገር።

አሁን ያለው ህግ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ከሱ በፊት የነበረውን 621/2001ን ሚያስታውስ ያስታውሳል፣ ከገቢህ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ከመጣ በመብት ጉዳይ አትሰራም ሚል ነበር። ያኔ ኢሰመጉም (የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ) የሴቶች የህግ ባለሙያዎች ማህበርም የባንክ ሂሳባቸው ታግዶ ነው የተሽመደመዱት። አዲሱ ይሄን አንስቶታል፣ ገቢ ማስገኛ ስራ መስራትም ይፈቅዳል። ግን የአስተዳደር ወጪህ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይልሃል፣ ማለትም ቢሮና መኪና ገዝቼ ልቀመጥ ካልክ አይሆንም።

ድሬ ደግሞ ለየት ትላለች። አንድ ክልል ውስጥ ብቻ ሚሰራ ማህበር ክልሉ ጋር ነው ሚሄደው፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ውስጥ ሚሰሩትን ግን አዋጁ ራሱ ጠቅሶ ወደ ፌደራሉ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን ነው ሚወስዳቸው። ስለዚ ለብቻችን ማህበር እናቋቁም ብትሉም መንገዱ እዛው ነው፣ በአባላት ሚመራ ማህበር ከሆነ 5 ሰው ይበቃል፣ በቦርድ ሚመራ ከሆነ 2 መስራች። ቅርንጫፍ ከሆናችሁ ግን በእናት ማህበሩ ፈቃድ ስር ናችሁ፣ መተዳደሪያ ደንባቸው ቅርንጫፍ መክፈትን ይፈቅዳል ወይ፣ የቅርንጫፉ አባላት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ድምፅ አላቸው ወይ፣ እዚ የተሰበሰበ መዋጮ እዚ ይቀራል ወይ፣ እነዚን ሳታነብ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርም። ሁለተኛውንና ሶስተኛውን ሰው ይንቀዋል፣ ኋላ ላይ ግን ጠቡ ሁሌ ከዛ ነው ሚነሳው።

---

ዲሲ_ያለሁ_ድሬ | ማክሰኞ ማታ 3፡44

እኔ ያለሁበት ሀገር ያለውን ልንገራችሁ ይጠቅም እንደሆን። እዚ አሜሪካ ኤንኤኤሲፒ ሚባለው የጥቁሮች የመብት ማህበር በፈረንጅ 1909 ነው የተመሰረተው፣ አቅሙ ግን ዋናው ቢሮ ሳይሆን በየከተማው ያሉት ቅርንጫፎች ናቸው። አዲስ ቅርንጫፍ ልክፈት ካልክ መጀመሪያ 100 አዋቂ አባል መዝግበህ ና ነው ሚሉህ። ቢሮ አይጠይቁህም ሰው ነው ሚጠይቁህ። የከዚራ ልጅ እንዳየሁት አንተ ከላይ ወደ ታች እያሰብክ ነው፣ አዲስ አበባ እሺ እስኪል ትጠብቃለህ፣ ምን ያስጠብቅሃል?

ደሞ ኢኮኖሚው ከመብት ትግሉ ተለይቶ አያውቅም እኮ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ህልም አለኝ ያለበት የ1963ቱ ሰልፍ ስሙ የስራና የነፃነት ሰልፍ ነበር፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል በሰዓት 2 ዶላር ይሁን ሚል ነው። ሜምፊስ ሄዶ የተገደለውም በ1968 ስራ ያቆሙትን 1,300 ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ሊደግፍ ሄዶ ነው፣ እነሱ ስራ ያቆሙት ሁለት ጓደኞቻቸውን የቆሻሻ መኪናው ማሽን ጨፍልቆ ከገደላቸው በኋላ ነበር። አትላንታ ላይ ደሞ በ1962 የጀመሩት ኦፕሬሽን ብሬድባስኬት ሚባል ነበር፣ ፓስተሮቹ ዳቦ ቤትና ወተት ፋብሪካ እየሄዱ ስንት ጥቁር ቀጥራችኋል፣ በየትኛው ደረጃ፣ በስንት ደሞዝ ብለው ቁጥር ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ቁጥር፣ ቀጥሎ ድርድር፣ እምቢ ካሉ እሁድ ቸርች ላይ የዚን ሰው ዳቦ አትግዙ ይባላል።

ይሄን ምላችሁ ቅዱት ለማለት አይደለም።

---

ተጠራጣሪው | ማክሰኞ ማታ 3፡52

> የዚን ሰው ዳቦ አትግዙ ይባላል

ወንድሜ እዚ እንደዛ ብትል ነገ ማን አለህ ከኋላህ? 2017 ላይ ኢሰመጉን የመሰለ ስንት አመት የኖረ ድርጅት ታግዶ ከወራት በኋላ ነው የተነሳለት። ሰው ይሄን አይቷል። ሁሉም ልጅ አለው፣ የቤት ኪራይ አለበት።

---

ዲሲ_ያለሁ_ድሬ | ማክሰኞ ማታ 4፡01

እውነትህን ነው፣ እኔ ከሩቅ ሆኜ ነው ማወራው፣ ሚከፈለውን ሚከፍለው እዛ ያለ ሰው ነው። ቁጥር መጠየቅ ግን ከመንግስትም ከማንም አያጣላም ብዬ ነው።

---

ሌሊት_ጠባቂ | ረቡዕ ሌሊት 8፡12

ስራ ላይ ሆኜ ነው ምፅፈው ስልኬ ቻርጅ ሊጨርስ ነው

እኔ ጥበቃ ነኝ በኤጀንሲ ነው የገባሁት የት እንደምሰራ አልናገርም። ማታ 12 ሰዓት እገባለሁ ጠዋት 12 ሰዓት እወጣለሁ በሳምንት አንድ ቀን ነው እረፍት። ትርፍ ሰዓት ሚባል ነገር ተከፍሎኝ አያውቅም። ጡረታ ይቆረጣል ይሉኛል የት እንደሚገባ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር ካልተስማማህ ልብሱን መልስ ነው ያሉኝ። ልብሱም ከደሞዜ የተቆረጠ ነው እኮ። ማህበር ምናምን ምትሉት ለኔ ምን እንደሚያደርግ ነው ማወቅ ምፈልገው ስብሰባ ከሆነ ቀን ላይ እተኛለሁ አልመጣም

---

ጠበቃ_ነኝ_አትበሉኝ | ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ወንድሜ ሌሊት ጠባቂ፣ ይሄን አንብብ፣ ላንተ ነው ምፅፈው።

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛ የስራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው ይላል። አንተ 12 ሰዓት በ6 ቀን፣ 72 ሰዓት እየሰራህ ነው። 24ቱ ትርፍ ሰዓት ነው። እንደውም አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም ስለሚል ገና ከመነሻው ከህግ ውጭ ነው። ትርፍ ሰዓት ደግሞ እንደ መደበኛው አይከፈልም፣ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ የሰዓቱ ደሞዝ በአንድ ተኩል ይባዛል፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ከሆነ በ1.75፣ በእረፍት ቀንህ ከሆነ በእጥፍ፣ በበዓል ቀን በሁለት ተኩል። በጥምቀትም በአረፋም ገብተህ ከሆነ አስላው።

ጡረታው፣ የግል ድርጅት ሰራተኞች ጡረታ (1268/2014) ካንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሰሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ ድምሩ 18 ነው። ካንተ ቆርጦ ካላስገባ የወሰደው ያንተን ብቻ አይደለም፣ የራሱንም 11 አላስገባም። የጡረታ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 አመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ ያልገባ ወር እንደሌለ ወር ነው ሚቆጠረው።

ሌላ ዋናው ነገር ጊዜ ነው። ከስራ ያለአግባብ ከተባረርክና ወደ ስራ መልሱኝ ማለት ከፈለክ 3 ወር ነው ያለህ። የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ 6 ወር። ስንቱን ሰው አውቃለሁ ሽማግሌ እየላከ ዛሬ ነገ ሲሉት አመት አልፎት ፋይል ሲከፍት በይርጋ ሚዘጋበት። የዳኝነት ክፍያ ደሞ የስራ ክርክር ላይ የለም፣ ብር የለኝም ብሎ ሚቀር አለ፣ አይደለም።

---

ዋርያ_መጋላ | ረቡዕ ጠዋት 1፡48

ኸረ አቦ ይሄን ነው ማለት ያለብን፣ ይሄን አንድ ገፅ ወረቀት ላይ በሶስቱም ቋንቋ በአማርኛ በኦሮምኛ በሶማሊኛ አድርጋችሁ ስጡኝና ከሳቢያን እስከ መልካ ጀብዱ ሳዞረው እውላለሁ። ቅርንጫፍ ምናምን ኋላ ይምጣ።

---

የቀፊራዋ | ረቡዕ ከሰዓት 8፡05

ሁላችሁም ተቀጣሪውን ብቻ ነው ምታወሩት። ድሬ ላይ ሰው ተቀጥሮ ነው ሚኖረው ያለው ማነው? እኛ ቀፊራ ገበያ ያለን ሴቶች ቀጣሪም የለንም ኤጀንሲም የለንም ጡረታም የለንም። የድሮው ባቡር ሲሰራ እናቶቻችን ባቡሩ ላይ ነው የኖሩት፣ ከጅቡቲ ሩዙን ጨርቁን እያመጡ ልጅ አሳደጉ፣ እኔም ከነሱ አንዷ ነው ያሳደገችኝ። አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ውጪ ነው፣ እኛ ምንጠቀምበት አይነት ባቡር አይደለም። አሁን ምንድነው ያለን፣ እቁብ ነው። ዕቃ ልጨምር ብድር ስጡኝ ስትይ የቤት ካርታ አምጪ ነው፣ ካርታ ቢኖረኝ ቀፊራ ፀሐይ ላይ ምን አስቀመጠኝ?

እኩልነት ምናምን ካላችሁ እኛንም አስገቡ። ካልሆነ ስሙን የተቀጣሪዎች ማህበር በሉት እንወቀው።

---

የከዚራ_ልጅ | ረቡዕ ከሰዓት 9፡10

የቀፊራዋ እውነት ነው ያልሽው፣ ብድሩን መጀመሪያ ላይ ፅፌው ነበር ግን አላብራራሁትም። የኔ ሀሳብ ማህበሩ ብድር ይስጥ አይደለም፣ አይችልምም። ግን በ2011 የወጣው 1147 ሚባል አዋጅ አለ፣ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ዕቃ፣ ማሽን፣ ደረሰኝ ላይ ያለ ተሰብሳቢ ሂሳብ ለብድር መያዣ መሆን ይችላል ሚል። ከባንክ ቤት ሰራተኛ ውስጥ ራሱ ይሄን በደንብ ሚያውቀው ስንቱ ነው? አንቺ ስትሄጂ ካርታ ብቻ ነው ሚጠይቁሽ። እንደ ድሬና ሀረር አይነት ከተማ ላይ ደሞ ወለድ ስለሌለበት ካልሆነ ባንክ ደጅ ማይረግጥ ብዙ ሰው አለ፣ ከወለድ ነፃ መስኮቱ ጋር ለትንሽ ነጋዴ ምን አለ ብሎ ጠይቆ መልሱን ለጥፎ ለህዝብ ሚያሳይ አካል የለም። ቅርንጫፉ ይሄን ቢሰራ ትልቅ ነገር ነው።

---

የቀፊራዋ | ረቡዕ ከሰዓት 9፡22

ጥሩ። ግን ሴት ኮሚቴው ላይ ከሌለች እኔ የለሁበትም። ሻይ ምታፈላ ሴት አይደለም ምለው፣ ሂሳቡን ምትይዝ።

---

ሀረር_ጁገል | ረቡዕ ማታ 1፡15

ከሀረር ነኝ፣ ጎረቤት አይቀየምም ብዬ ልግባ።

እናንተ ጋርም እኛ ጋርም ሰው ተደራጅቶ ያለ መስሎኝ። እኛ ጋር አፎቻ አለ፣ የወንድ አለ የሴት አለ፣ ሰርግም ሀዘንም በሱ ነው ሚያልፈው። ድሬም እድሩም አፎቻውም አለ። እዛ መዋጮ ሚበላ የለም፣ ከተበላም ሚበላውን ሰው ልጅ ማንም አያገባውም ሃሃ። ለምን አዲስ ነገር ትፈጥራላችሁ፣ እድሩን ራሱን የመብት ማህበር አድርጉት።

---

ጠበቃ_ነኝ_አትበሉኝ | ረቡዕ ማታ 1፡40

ሀረር_ጁገል ሀሳብህ ደስ ይላል ግን እንዳለ አይሆንም። 1113 እድርንና እቁብን አይመለከትም ብሎ በግልፅ አስቀምጧቸዋል። ስለዚ በዚ ህግ ማይመዘገብ እድር ተነስቶ በመብት ማህበር ስም ክስ ልመስርት፣ ገንዘብ ላሰባስብ ቢል ችግር ይመጣል፣ ዋናው ደግሞ እድሩን ራሱን አደጋ ላይ መጣል ነው። ሰው ሚቀበረው በሱ ነው፣ አትነካኩት። እድሩ ግን ሰው ሚገኝበት ቦታ ነው፣ የእድር ስብሰባ ላይ 15 ደቂቃ ለምኖ ስለ ትርፍ ሰዓትና ስለ ጡረታ መናገርን ማንም አይከለክልም።

ሌላም እንዳይምታታባችሁ፣ የሰራተኛ ማህበር ሌላ ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ 10 ሰራተኛ ካለ የራሱን የሰራተኛ ማህበር ማቋቋም ይችላል፣ የህብረት ስምምነት መደራደር ሚችለው እሱ ነው፣ የመብት ማህበር አይደለም። ድሬ ለዚ አዲስ አይደለችም፣ የምድር ባቡር ሰራተኞች በሀገሪቱ ቀድመው ከተደራጁት ውስጥ ናቸው። የኤጀንሲ ጥበቃ ችግሩ ግን ሁለቱ እዚ ባንክ፣ ሶስቱ እዛ መጋዘን ተበትነው ስለሚሰሩ አይተዋወቁም። ቅርንጫፉ ሚጠቅመው እዚ ጋር ነው፣ አንድ ኤጀንሲ ስር ያሉትን ማስተዋወቅ፣ ከዛ በራሳቸው እንዲደራጁ።

---

ተጠራጣሪው | ረቡዕ ማታ 2፡05

እሺ ይሁን። ግን የኔን ጥያቄ እስካሁን የመለሰ የለም። የማን ማህበር ነው ሲባልስ?

---

ሌሊት_ጠባቂ | ረቡዕ ማታ 2፡20

እኛ ጋር አራት ነን ጥበቃ ተራ በተራ ምንገባ። አንዱ ሶማሌ ነው አንዱ ኦሮሞ ነው እኔ አማራ ነኝ አንዱ ጉራጌ ነው። ሁላችንም ትርፍ ሰዓት አልተከፈለንም

---

ዋርያ_መጋላ | ረቡዕ ማታ 2፡22

ሃሃሃሃ ተመለሰ አቦ

---

ተጠራጣሪው | ረቡዕ ማታ 2፡41

መሳቁ ጥሩ ነው፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ጥበቃዎቹ አንድ ስለሆኑ ኮሚቴው አንድ ነው ተብሎ አይታመንም፣ ጥበቃው እኮ አይደለም ማስታወቂያው ላይ ሚወጣው፣ ኮሚቴው ነው። እኔ ምለው ይሄ ነው፣ ኮሚቴውን አስቀድማችሁ አትምረጡ። መጀመሪያ ሰው ይመዝገብ፣ ከተመዘገበው ራሱ ይምረጥ፣ ሰብሳቢነቱ በየ6 ወሩ ይዙር፣ ቃለ ጉባኤው በሶስቱም ቋንቋ ይለጠፍ። ቅጥር ላይ ስላለው አድልዎም ቢሆን በወሬ አትናገሩ፣ የወጣ ማስታወቂያ፣ ያመለከተ ሰው፣ የተሰጠው መልስ፣ ወረቀት ይዛችሁ ብቻ። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በህግ ፊት እኩል ነው ይላል፣ እሱን ይዞ ማንም ላይ ጣት ሳይቀስሩ መሄድ ይቻላል። እንደዛ ከሆነ እኔም ልመዘገብ እችላለሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

---

የከዚራ_ልጅ | ረቡዕ ማታ 3፡15

ተጠራጣሪው ያልከው ገብቶኛል። ኮሚቴ አልን እንጂ ገና የተመረጠ ሰው የለም፣ እንደዛው እናድርገው።

ብሩን በተመለከተ ደሞ ትናንት በኢንቦክስ ብዙ ሰው ስፖንሰር ፈልጉ፣ ኤንጂኦ ጠይቁ ብሎኛል። እኔ መጀመሪያ ላይ አልፈልግም። ስልጠና በሆቴል ይሆናል፣ አበል ይከፈላል፣ ሰው ለአበሉ ይመጣል፣ አበሉ ሲያልቅ ሰውም ያልቃል። ድሬ ላይ ይሄን ሁላችንም አይተናል፣ እዛ ስብሰባ ላይ ፈርመን የበላንም አለን። የወር መዋጮ ይሁን፣ ትንሽ፣ ጥበቃው ሚችለው ያህል።

---

ዲሲ_ያለሁ_ድሬ | ረቡዕ ማታ 3፡40

በመዋጮው እስማማለሁ። እኛም እዚ ያለን የድሬ ልጆች ማዋጣት እንችላለን ግን ከአባላቱ መዋጮ በላይ እንዳይሆን ገደብ አድርጉበት፣ አለበለዚያ ማህበሩ የኛ ይሆናል።

የቀፊራዋ ይሄን ብትሰሚ ደስ ይልሻል፣ ሞንትጎመሪ ላይ ጥቁሮቹ መቀመጫ በዘር ሚለይ አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው 381 ቀን ሲቆዩ ሰው በግል መኪና ነበር ሚመላለሰው፣ ቤንዚን ደሞ ብር ይፈልጋል። ጆርጂያ ጊልሞር ምትባል ምግብ ሰሪ ሴቶቹን ሰብስባ ዶሮና ኬክ እየሰሩ ሸጠው ለቤንዚኑ ያስገቡ ነበር። የቡድኑን ስም "ከየትም ያልመጣ ክለብ" ነው ያሉት፣ ብሩ ከየት መጣ ሲባል ከየትም እንዲሉ። ማን እንዳዋጣ ከታወቀ ነጮቹ ቤት ምትሰራዋ ሁላ ከስራ ትባረር ነበር፣ እሷም ተባራለች።

---

የቀፊራዋ | ረቡዕ ማታ 3፡52

ይቺን ሴት ወደድኳት። እኛም ሳምቡሳ አለን፣ ባቅላባ አለን። ግን ብሩ ከየት እንደመጣ ይፃፍ፣ እኛ ጋር ደግሞ ካልተፃፈ ነው ሚበላው ሃሃ። ሂሳብ እኔ እይዛለሁ ብያለሁ፣ የእቁብ ሰብሳቢ ነኝ ስንት አመት፣ ብር ጎድሎብኝ አያውቅም።

---

ሀረር_ጁገል | ረቡዕ ማታ 4፡10

ሀረር ላይ ተመሳሳይ ነገር ብንጀምር እኛ ክልሉ ጋር ነው ምንመዘገበው ማለት ነው? ወይስ በናንተ ስር?

---

ጠበቃ_ነኝ_አትበሉኝ | ረቡዕ ማታ 4፡18

ሀረሪ ውስጥ ብቻ ከሰራችሁ ክልሉ ጋር። ከድሬ ጋር አንድ ላይ ከሰራችሁ ፌደራል። ለጊዜው ለየብቻ ጀምሩና ወረቀት ተዋዋሱ ነው ምለው፣ ሁለቱን ከተማ አንድ ላይ ለማስሄድ መሞከር ሌላ ጣጣ ነው።

---

የከዚራ_ልጅ | ሐሙስ ጠዋት 2፡00

ይሄው የደረስንበት፣ ያልተስማማ ይናገር። አዲስ አበባ እሺ እስኪል አንጠብቅም፣ ሰው መመዝገብ እንጀምራለን፣ እነሱ እሺ ካሉ ቅርንጫፍ እንሆናለን፣ እምቢ ካሉ 5 ሰው አናጣም። ባለ አንድ ገፅ ወረቀቱን (ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓት፣ 7 እና 11፣ የ3 ወርና የ6 ወር ጊዜ) ጠበቃው ይፅፋል፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሚተረጉሙ ሁለት ሰዎች በኢንቦክስ መጥተዋል፣ ዋርያ ያዞራል። ቅዳሜ ጥበቃና ፅዳት ሰራተኛ ሆኖ ጥያቄ ያለው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ሚመጣበት ጠረጴዛ ይኖራል፣ ለገሃር አካባቢ፣ ቦታውን ለተመዘገበ ብቻ እልካለሁ። ሰዓቱን ከሰዓት 10 አድርገነዋል ሌሊት ሚሰሩት ተኝተው እንዲነሱ። የቀፊራ ሴቶች ደግሞ ለብቻቸው እሁድ ጠዋት፣ የብድሩን ጉዳይ ይዘን እንመጣለን።

እዚ ላይ የድርጅት ስም፣ የኤጀንሲ ስም ማንም አይፃፍ። በማስረጃ ሚሄድ ነገር በኮሜንት አይበላሽ።

---

ተጠራጣሪው | ሐሙስ ጠዋት 2፡25

ቅዳሜ እመጣለሁ። ለማየት ነው፣ አባል ሆኛለሁ እንዳትሉ።

---

ሌሊት_ጠባቂ | ሐሙስ ጠዋት 2፡31

10 ሰዓት እችላለሁ። የደሞዝ ወረቀት የለኝም ግን በቴሌብር ነው ሚገባልኝ መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ ይበቃል? ደሞ ጓደኛዬ አለ ትርፍ ሰዓት ስለጠየቀ ያባረሩት ሁለት ወር ከምናምን ሆነው እሱንም ላምጣው?

---

ጠበቃ_ነኝ_አትበሉኝ | ሐሙስ ጠዋት 2፡40

የቴሌብሩን መልእክት እንዳታጠፋው፣ ስክሪንሾት አድርገህ ሌላ ሰው ስልክ ላይም አስቀምጠው። ተረኛ ሆናችሁ ምትፈርሙበት መዝገብ ካለ ያንተን ገፅ ፎቶ አንሳ፣ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት ሚያሳየው እሱ ነው።

ጓደኛህን ቅዳሜን አትጠብቅ። ሁለት ወር ከምናምን ካለው 3 ወሩ እየሞላበት ነው። የስንብት ደብዳቤ ከሰጡት ይዞ፣ ካልሰጡት የተባረረበትን ቀን በትክክል ሚያውቅ ምስክር ይዞ፣ ዛሬ ከሰዓት ይደውልልኝ፣ ስልኬን በኢንቦክስ ልኬልሃለሁ።

---

ሌሊት_ጠባቂ | ሐሙስ ጠዋት 2፡44

ደብዳቤ አልሰጡትም በስልክ ነው አትምጣ ያሉት። ምስክሩ እኔ ነኝ ያን ቀን ተረኛ ነበርኩ። አሁን ልቀሰቅሰው ነው